ጋዙ የት ሄደ? የመኪና ኤሲ ጥያቄዎችና መልሶች

ግንቦት ከገባ ወዲህ ከድሬዳዋና ከሐረር የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ መኪና ኤሲ ናቸው። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት መልሶች ረዘም ይላሉ፤ ኤሲ ራሱ ለመሙላት ያሰበ ሰው ግን ሳይዘል ቢያነባቸው ይጠቀማል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ኮሮላ አለችኝ። በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ ጋዝ አስሞላለሁ፤ ሰኔ ሳይጋመስ ሙቅ አየር መንፋት ትጀምራለች። የሚሞሉልኝ ልጆች «ጋዝ እኮ እንደ ነዳጅ ያልቃል» ይሉኛል። እውነት ያልቃል? (ከሳቢያን)

መልስ፦ አያልቅም። የኤሲ ጋዝ እንደ ቤንዚን የሚቃጠል ነገር አይደለም፤ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ እየዞረ ነው የሚሠራው። ኮምፕሬሰሩ ይጨምቀዋል፤ ከራዲያተሩ ፊት ያለው ኮንደንሰር ሙቀቱን አስለቅቆ ፈሳሽ ያደርገዋል፤ ፈሳሹ ከዳሽቦርዱ ኋላ ያለው ኢቫፖሬተር ውስጥ ሲገባ ይተንና የመኪናውን የውስጥ ሙቀት ይዞ ይመለሳል። ጤነኛ መኪና በጎማ ቱቦዎቹና በኮምፕሬሰሩ ዘንግ በኩል በዓመት ጥቂት ግራም ቢያጣ ነው። በሁለት ወር ባዶ የሚሆን ከሆነ የሚያፈስ ቦታ አለ። እሱ ሳይገኝ የሚሞላው ጋዝ ሁሉ ተከትሎ ይወጣል።

ጉዳቱ በጋዙ ዋጋ ብቻ አያበቃም። ኮምፕሬሰሩን የሚያለሰልሰው ዘይት ከጋዙ ጋር ተደባልቆ ስለሚዞር ጋዙ ሲወጣ ዘይቱንም ይዞ ይወጣል። ፍሳሹ ሳይደፈን በየዓመቱ ጋዝ ብቻ የሚጨመርላት መኪና ዘይቷ እያነሰ ሄዶ አንድ ቀን ኮምፕሬሰሯ ይነክሳል፤ ማለትም ደርቆ መዞር ያቆማል። የተነከሰ ኮምፕሬሰር ደግሞ የብረት ፍቅፋቂውን በመላው ቱቦ ስለሚበትን ኮንደንሰሩንና እርጥበት የሚመጠውን ድራየር ጨምሮ ነው የሚያስቀይረው። ያንን ሁሉ ወጪ የሚያስቀረው የአንድ ሰዓት ፍለጋ ነው።

ፍሳሹ ራሱን የሚያሳየው በዘይቱ ነው። ኮፈኑን ከፍተው ኮንደንሰሩን ከፊት በኩል በባትሪ መብራት ይቃኙት። የድሬ አቧራ ሁሉም ቦታ አለ፤ ደረቁ አቧራ እፍ ሲሉት ይበናል። አንድ ቦታ ላይ ግን ጠቁሮና ረጥቦ ተለጥፎ ካገኙ፣ በጣትዎ ሲያሹትም የሚያዳልጥ ከሆነ፣ ዘይት የወጣው ከዚያ ነው። በደወሌ መንገድ ከከባድ መኪና ኋላ እየተከተለ የሚነዳ ሰው ጠጠር የመታው ኮንደንሰር ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የሚታወቀው። ቀጥሎ የቱቦዎቹን መጋጠሚያ፣ የጎማው ቱቦ ከብረቱ ጋር የተጨመቀበትን ቦታና ከኮምፕሬሰሩ ፊት ከፑሊው ኋላ ያለውን ይመልከቱ። ፑሊው ዙሪያ የተረጨ ዘይት ካለ የዘንጉ ጎሚኒ አልቋል።

በዓይን ካልተገኘ፣ ውስጡ ገና የተወሰነ ጋዝ እያለ፣ ሞተሩን አጥፍተው የዕቃ ሳሙና በውሃ አወፍረው በትንሽ ብሩሽ መጋጠሚያዎቹን ይቀቡ። ትልቁ ፍሳሽ ወዲያው አረፋ ይነፋል። ትንሹ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ጎመን ዘር የሚያካክሉ ነጫጭ አረፋዎች ቀስ እያሉ ይደራረባሉ፤ ስለዚህ አንድ ቦታ ላይ 5 ደቂቃ ይቆዩ። የመሙያ ቫልቮቹን ክዳን ማንሳትም አይርሱ። ውስጧ ያለችው ቫልቭ የጎማ ንፋስ መሙያዋን ትመስላለች፤ አቧራ ከገባባት በደንብ አትዘጋም። ክዳኗም ራሱ ጋዝ ይይዛልና የጠፋ ክዳን ካለ መተካት አለበት።

መጋጠሚያ ላይ ከሆነ መድኃኒቱ ኦሪንግ፣ ማለትም መጋጠሚያውን የሚያሽገውን የጎማ ቀለበት መቀየር ነው። ለኤሲ የተሠራውን ይግዙ፤ ብዙውን ጊዜ አረንጓዴ ነው። የቧንቧ ሠራተኛ የሚጠቀምበት ጥቁር ላስቲክ የኤሲ ዘይት ሲነካው ያብጣል። ሲገጥሙት የኤሲ ዘይት ቀብተው ይግጠሙ፤ ቧንቧው አሉሚኒየም ስለሆነም በሁለት ቁልፍ፣ በአንዱ ደግፈው በሌላው ያጥብቁት። የተበሳ ኮንደንሰር ግን በሙጫ አይያዝም፤ ይቀየራል። በጣሳ የሚሸጠውን ፍሳሽ ደፋኝ ፈሳሽ አንመክርም፤ ቀዳዳውን ቢደፍን እንኳ ፈሳሹን እየመጠነች ወደ ኢቫፖሬተሩ የምታስገባዋን ቀጭን ኤክስፓንሽን ቫልቭና የባለሙያውን ማሽን አብሮ ይደፍናል።

ጥያቄ፦ ከወንድሜ ጋር የቪትዛችንን ኦሪንጎች ቀይረን፣ ጌጅና ቫኪዩም ፓምፕ ገዝተን ቤት ልንሞላ ነው። መመሪያው የጌጁ መርፌ ከዜሮ በታች 29 ኢንች (የሜርኩሪ) ድረስ መውረድ አለበት ይላል፤ የእኛ 26 አካባቢ ደርሶ ቀጥ አለ። ፓምፑ ተበላሽቶ ነው? ከዚያስ እንዴት እንሙላ? (ከገንደ ቆሬ)

መልስ፦ ፓምፓችሁ ደህና ነው። መመሪያው የተጻፈው ባሕር ዳርቻ ላለ ሰው ነው። ጌጁ የሚያነበው በውስጡና በውጭው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነው፤ ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ስለሆነች የውጭው አየር ራሱ ቀለል ይላል። እዚህ ፍጹም ባዶ የሆነ ቱቦ 26 ኢንች ገደማ ነው የሚያሳየው፤ 1,885 ሜትር ላይ ያለችው ሐረር ደግሞ 24 ገደማ። በዚህ ምክንያት ደህና ፓምፕ «አይስብም» ተብሎ ሲመለስ ያሳዝናል።

አሞላሉ እንዲህ ነው። ከሁሉ በፊት ኮፈኑ ሥር ወይም ራዲያተሩ አናት ላይ ያለውን ወረቀት ፈልጉ፤ የጋዙን ዓይነትና መጠኑን በግራም ይናገራል። ከ1990ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የተሠሩት አብዛኞቹ አር-134ኤ ናቸው፤ አዳዲሶቹ ላይ አር-1234ዋይኤፍ ይገኛል፤ ሁለቱ አይደባለቁም። ትንሽ መኪና ብዙውን ጊዜ ከ350 እስከ 550 ግራም ይይዛል። የኋላ ማቀዝቀዣ ያለው ሚኒባስ ግን ወደ ኪሎ ይጠጋል፤ ስለዚህ የጎረቤትን መጠን አትዋሱ።

ሥራው በጠዋት፣ ጥላ ሥር፣ ሜዳ ላይ ይሁን። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ በተዘጋ ክፍል ውስጥ መሬት ለመሬት ተኝቶ ትንፋሽ ያሳጣል፤ በእሳት ውስጥ ሲያልፍ ደግሞ መርዝ ይሆናል፤ ሲጋራም ሆነ የከሰል ምድጃ አጠገቡ አይኑር። ከጣሳው የሚያመልጠው ጋዝ ከዜሮ በታች በ26 ዲግሪ የሚፈላ ነውና ዓይንን ያጠፋል፣ ቆዳን ያቃጥላል፤ መነጽርና ጓንት ግዴታ ነው። ቱቦው ውስጥ አሮጌ ጋዝ ካለም ወደ አየር አትልቀቁት፤ አንድ ኪሎ አር-134ኤ አየር ንብረቱን የሚያሞቀው 1,430 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያህል ነው። መሳቢያ ማሽን ያለው ጋራዥ ወስዳችሁ አስቀዱት።

የጌጁ ሰማያዊ ቱቦ ወፍራሙ ቧንቧ ላይ፣ ቀዩ ቀጭኑ ላይ ይሰካል። የአር-134ኤ መሰኪያዎች ስፋታቸው 13 እና 16 ሚሊ ሜትር ስለሆነ አይቀያየሩም፤ እምቢ ካለ አታስገድዱት። ቢጫውን ከፓምፑ ጋር አገናኝታችሁ ሁለቱንም ቫልቮች ከፍታችሁ 45 ደቂቃ አስኪዱት። ይህ ሰዓት ለወጉ ያህል የተቀመጠ አይደለም። ውስጥ የቀረ አየር በኮንደንሰሩ ፈሳሽ ስለማይሆን ግፊቱን ብቻ ይጨምራል፤ የቀረ እርጥበት ደግሞ ኤክስፓንሽን ቫልቩ ላይ በረዶ ሆኖ መንገድ ይዘጋል፣ ከዘይቱ ጋር ሆኖ አሲድ ይፈጥራል። ባዶ ቱቦ ውስጥ ውሃ በ30 ዲግሪ እንኳ ስለሚፈላ ፓምፑ በእንፋሎት ያወጣዋል። የድሬ ሙቀት እዚህ ላይ ያግዛችኋል፤ በሐረር ብርድ ለሚሠራ ሰው አንድ ሰዓት ይሁንለት። ከዚያ መጀመሪያ ቫልቮቹን ዝጉ፣ ቀጥሎ ፓምፑን አጥፉ፣ 30 ደቂቃ ጠብቁ። መርፌው ወደ ዜሮ ከተመለሰ ገና ያፈሳል፤ ጋዝ አትክፈቱ።

መርፌው ካልተነቃነቀ ኮንደንሰር የቀየራችሁ ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሊትር የኤሲ ዘይት በዚሁ አጋጣሚ ይጨመራል፤ ኦሪንግ ብቻ ለቀየረ የሚጨመር ዘይት እምብዛም የለም። ዓይነቱን ከኮምፕሬሰሩ ጽሑፍ አንብቡ፤ ፓግ 46 እና ፓግ 100 አንድ አይደሉም። ይህ ዘይት እርጥበት እንደ ጨው ይጠጣል፤ ክዳኑ ተከፍቶ ያደረ ዘይት ተመልሶ አይገባም።

አሁን ጣሳውን የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን ላይ አቁማችሁ በቢጫው ቱቦ አያይዙት። ጣሳውን ከፍታችሁ ጌጁ ጋ ያለውን የቢጫ ቱቦ ጫፍ ለአንድ ሰከንድ ላላ አድርጉና አየሩ ፍስስ ብሎ ሲወጣ አጥብቁት። ሞተሩ እንደጠፋ ሰማያዊውን ክፈቱ፤ ባዶው ቱቦ ራሱ የተወሰነውን ይስባል። መሳቡን ሲያቆም ሞተሩን አስነሱ፣ ኤሲውን መጨረሻ ብርድ፣ ነፋሱንም መጨረሻ ላይ አድርጉ፣ በሮቹን ክፈቱ፣ ሞተሩን 1,500 ዙር ላይ ያዙና ሰማያዊውን እየከፈታችሁ እየዘጋችሁ ሙሉ። ጣሳው ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ከተገለበጠ ፈሳሽ ይገባና ኮምፕሬሰሩን ይሰብራል፤ ፈሳሽ አይጨመቅምና። ጣሳው ቀዝቅዞ ሲያዘግም እጅ የሚችለው ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አስቀምጡት እንጂ እሳት አታስጠጉት። ቀዩ ቫልቭ ሞተሩ እየሠራ በምንም ምክንያት አይከፈትም፤ በዚያ በኩል ያለው ከ200 ፒኤስአይ በላይ የሆነ ግፊት ወደ ጣሳው ተመልሶ ጣሳውን ያፈነዳዋል።

የምታቆሙት ሚዛኑ ሲናገር ነው። ወረቀቱ 450 ካለ 450 ግራም። ሞተር አጥፍቶ ጌጅ አይቶ «ሞልቷል» ማለት በየጋራዡ የሚታይ ስህተት ነው። ውስጡ ጥቂት ፈሳሽ እስካለ ድረስ የቆመ መኪና ግፊት የሚከተለው ሙቀቱን ብቻ ነው፤ በ25 ዲግሪ 82፣ በ30 ዲግሪ 97፣ በ35 ዲግሪ 114 ፒኤስአይ። 150 ግራም ያላትም 450 ያላትም እኩል ታሳያለች። መጨመርም ጉዳት ነው፤ 100 ግራም የሚያህል ትርፍ ኮንደንሰሩን በፈሳሽ ሞልቶ ግፊቱን ያንራል፣ ቅዝቃዜውንም ይቀንሳል።

ሞልታችሁ ስትጨርሱ በ35 ዲግሪ ቀን ሰማያዊው ከ35 እስከ 50፣ ቀዩ ከ200 እስከ 250 አካባቢ ቢያነብ ደህና ነው። ሁለቱም ዝቅ ካሉ ጋዙ ያንሳል። ሁለቱም ከፍ ካሉ ወይ በዝቷል፣ ወይ አየር አለበት፣ ወይ ቬንቲሌተሩ (ኮንደንሰሩን የሚያናፍሰው ማራገቢያ) አይሠራም። ሰማያዊው ከፍ፣ ቀዩ ዝቅ ካለ ኮምፕሬሰሩ ደክሟል። ሰማያዊው ወደ ዜሮ ወርዶ ከቀረ መንገድ ላይ የተዘጋ ነገር አለ። ቴርሞሜትር መካከለኛው መውጫ ላይ ሰክታችሁ በሮቹን ዘግታችሁ ብትጠብቁ ከ7 እስከ 12 ዲግሪ ማግኘት አለባችሁ።

ጥያቄ፦ ስሄድ ይቀዘቅዛል፤ ቀፊራ ገበያ ጋ መንገድ ሲዘጋጋ ሙቅ ይነፋል። ጋዝ ልጨምር? (ከመጋላ)

መልስ፦ አይጨምሩ። ሲሄዱ ነፋሱ ኮንደንሰሩን ያቀዘቅዝልዎታል፤ ሲቆሙ ግን ሥራው የቬንቲሌተሩ ብቻ ነው። ኤሲውን ከፍተው ከፊት ቆመው ይመልከቱ፤ ቬንቲሌተሩ ካልተነሳ ፊውዙን ይዩ፣ ቀጥሎ ሪሌዩን ተመሳሳይ ቁጥር ካለው ከሌላ ሪሌይ ጋር አቀያይረው ይሞክሩ፣ ከዚያ የቬንቲሌተሩን ሞተር በቀጥታ ከባትሪ ጋር አገናኝተው ይፈትኑ። የሚዞር ከሆነ ደግሞ ኮንደንሰሩ ላይ በቱቦ ውሃ ያርከፍክፉ። ወዲያው ከቀዘቀዘ የጎደለው አየር ነው፤ ኮንደንሰሩን ከኋላ ወደ ፊት ዝቅ ባለ የውሃ ግፊት ይጠቡት። የመኪና ማጠቢያ ማሽን ቅጠሎቹን ያስተኛቸዋል።

ከዚሁ ጋር የሚምታታ ሌላ ሕመም አለ፤ 20 ደቂቃ በደንብ ይሠራና ይሞታል፣ ሞተሩ ሲበርድ እንደገና ይነሳል። ይህ ብዙውን ጊዜ የኮምፕሬሰሩ ክላች ነው፤ ሳህኑን በማግኔት ስቦ ኮምፕሬሰሩን ከፑሊው ጋር የሚያያይዘው ማለት ነው። በፊተኛው ሳህንና በፑሊው መካከል ያለው ክፍተት በአብዛኛው ከግማሽ ሚሊ ሜትር ብዙም አይርቅም። ሳህኑ እየተበላ ክፍተቱ ወደ 1 ሚሊ ሜትር ሲጠጋ፣ የጋለው ጥቅል ሽቦ ጉልበቱ ቀንሶ ሳህኑን መሳብ ያቅተዋል። ሞተሩን አጥፍተው በስፔሰር (ክፍተት በሚለካበት ስስ ብረት) ይለኩ። መሃል ያለችውን ብሎን ፈትተው ከሥሯ ያሉትን ስስ ቀለበቶች አንዷን ማውጣት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ለዚህ ችግር ኮምፕሬሰር ተቀይሮ ሲከፈል ማየት የተለመደ ስለሆነ ነው ይህንን ዘርዘር ያደረግነው።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሸዋ በር ነው። ሐረር ኤሲ ስለማያስፈልገኝ ድሬ ስወርድ ብቻ ነው የምከፍተው፤ በየጊዜው ጋዙ ይጠፋል። (ከሐረር)

መልስ፦ ምክንያቱ አለመክፈትዎ ሊሆን ይችላል። የኮምፕሬሰሩ ዘንግ ጎሚኒ የሚረጥበው ኤሲው ሲሠራ በሚዞረው ዘይት ነው፤ ወራት ሲቆይ ይደርቅና ያሳልፋል። ብርድም ቢሆን በሳምንት አንድ ጊዜ ለ10 ደቂቃ ይክፈቱት። ሙቀቱን ከኤሲው ጋር አብረው ቢከፍቱ አይበርድዎትም፤ በክረምት መስታወቱ ላይ የሚያርፈውን ጉምም ያነሳልዎታል።

ጥያቄ፦ የደንገጎን ዳገት ስወጣ ኤሲው ለጥቂት ጊዜ ይጠፋና ይመለሳል። (ከከዚራ)

መልስ፦ ብዙ መኪኖች ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻ ሲረገጥ ወይም የሞተሩ ሙቀት ሲያልፍ ኮምፕሬሰሩን ራሳቸው ይለቁታል፤ ለሞተሩ ጉልበት ለመቆጠብ ነው። የሙቀት መርፌው ከቦታው ካልተነሳ አይሥጉ። መርፌው እየወጣ ከሆነ ግን ኤሲውን አጥፍተው የራዲያተሩን ውሃና የቬንቲሌተሩን ነገር ያስመርምሩ።

ጥያቄ፦ ተሳፋሪው እግር ሥር ውሃ ይጠራቀማል። (ከሳቢያን)

መልስ፦ ኢቫፖሬተሩ ላይ የሚጤዘው ውሃ በትንሽ ጎማ ቱቦ መኪናው ሥር ይፈሳል፤ ቱቦው በአቧራ ተደፍኗል። ከሥር ገብተው ጫፉን ያግኙና በለስላሳ ሽቦ ቀስ ብለው ይውጉት። ነፋሱም ከደከመ የካቢን ፊልተሩ አብሮ ታፍኗል ማለት ነው፤ ብዙዎቹ ላይ ከጓንት ሳጥኑ ኋላ ነው፤ በድሬ አቧራ በየስድስት ወሩ ቢቀየር አይበዛበትም።

ጥያቄ፦ የሚኒባሴን ኤሲ በወጥ ቤት ቡታጋዝ በርካሽ ሊሞላልኝ የሚል ሰው አለ። ይቀዘቅዛል ወይ? (ከለገሃር)

መልስ፦ ይቀዘቅዛል፤ እባክዎ አያስሞሉት። ቡታጋዝ ከአየሩ 2 በመቶ ያህል ሲሆን በእሳት ብልጭታ ይያያዛል። 3 ሜትር ኩብ አየር የሚይዝ የትንሽ መኪና ውስጥ ለዚህ ከ110 እስከ 130 ግራም ይበቃዋል፤ ኢቫፖሬተሩ ቢበሳ ጋዙ የሚገባው ደግሞ ተሳፋሪው ወደተቀመጠበት ነው። ሚኒባሱ ሰፊ ቢሆን የሚይዘው ጋዝም የዚያኑ ያህል ብዙ ነው።

ጥሩ ጋዝ ተብሎ የሚሸጠውንም ይፈትሹ። ሲሊንደሩን ጥላ ውስጥ አሳድረው ጠዋት ሙቀቱንና ግፊቱን ይለኩ፤ በ30 ዲግሪ ከ97 ፒኤስአይ በብዙ ከራቀ ውስጡ ያለው ንጹሕ አር-134ኤ አይደለም። ለምሳሌ ለቤት ኤሲ የሚሆነው አር-22 በዚሁ ሙቀት 158 ያህል ያሳያል።

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛሁ። የእሷንም ቤት መሙላት እችላለሁ? (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ይህ ጥያቄ እየበዛ ነው። አይንኩት። ኮምፕሬሰሩ የሚሠራው በመቶዎች ቮልት በሚቆጠር ኮረንቲ ነው፤ ብርቱካናማዎቹ ኬብሎች የእሱ ናቸው። በብዙ ሞዴሎች ያው ጋዝ የመንጃ ባትሪውንም ያቀዘቅዛል። ዘይቱም የተለየ ነው፤ ኮረንቲ የማያሳልፍ ፒኦኢ ዘይት ይፈልጋል። ፓግ ዘይት ከገባ ኮረንቲ ማገጃውን ያዳክምና መኪናዋ ችግሩን አይታ አልነሳም ልትል ትችላለች። እርስዎ ፊልተሩን ይቀይሩ፣ ኮንደንሰሩን ይጠቡ። ለጋዙ ባለሙያ ሲጠሩ ለኤሌክትሪክ መኪና ብቻ የለየው ጌጅና ቱቦ እንዳለው ይጠይቁት፤ በነዳጅ መኪና ያገለገለ ቱቦ ውስጥ የቀረው ጥቂት ዘይት እንኳ ለጉዳት ይበቃል።